ጂኑ ያው ነው፣ የሚለየው የሚሠራው ጂን ነው፦ ስለ ብልሃርዚያ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ስለሚይዘው የትል በሽታ፣ ስለ ብልሃርዚያ ነው። ጸሐፊው የሳንጃና የጎርጎራ ልጆች ጉዳይ አሳስቧቸው እንደጻፉ ያስታውቃል። ወንዝ ዳር መጸዳዳት ይቅር ማለታቸው ልክ ነው። ትምህርት ቤቶች ውሃና መጸዳጃ ቤት ይኑራቸው ማለታቸውም ልክ ነው። በዚህ በኩል ልዩነት የለንም።

ልዩነታችን ከዚያ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ተመራማሪዎች የትሉ ዕጭ ሰው ውስጥ ሲገባ ጂኖቹ፣ ማለትም ሰውነቱ የሚሠራባቸው የዘር መመሪያዎች፣ ምን እንደሚሆኑ ያጠናሉ። ጸሐፊው ይህንን ለድሃ አገር የማይበጅ ቅንጦት ነው ብለው ያጣጥሉታል። ምክንያቶቻቸው ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ትሉ የሚገባው በምንጠጣው ውሃ ነው። ዕጩ ውሃ ወዲያና ወዲህ የሚወስደው ተራ ነገር ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጂኑ ተቀይሮ ሌላ ትል ይሆናል። ጥናቱ የሚሠራው ጭራው በተቆረጠ ዕጭና በአይጥ ላይ ስለሆነ እኛን አይመለከትም። በመጨረሻም፣ ወንዝ የገባ ሰው በማግስቱ ክኒኑን ከዋጠ ነገሩ አበቃ ይላሉ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ምክር ሰው ትጎዳለች። ለመጻፍ የተነሳሁትም በእሷ ምክንያት ነው። ግን ለምን ስህተት እንደሆነች ለማሳየት ከፊቷ ያሉትን ማየት ግድ ነው።

የሚጠጣውን ውሃ ጉዳይ ቶሎ ልለፈው። የብልሃርዚያ ዕጭ የሚገባው በቆዳ ነው። ውሃ አፍልቶ መጠጣት ለታይፎይድ፣ ለአሜባና ለጃርዲያ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ልብስ የምታጥብን ሴት ግን ከብልሃርዚያ አያድናትም። ጣና ላይ መረብ የሚጎትተውንም ሰው አያድነውም።

ዕጩ ተራ ነገር ነው የሚለው ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሰገራ ነው። ከሰገራ ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ዕጭ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። እዚያ ውስጥ ሆኖ ይራባል፤ ከአንዱ ብዙ ሺህ ይወጣል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ዕጭ ሰርካሪያ ይባላል። ሰው ቆዳ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ማየት ይቻላል። ከወንዝ የተለቀመውን ቀንድ አውጣ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ መብራት ሥር ማስቀመጥ ነው። ዕጩ ብርሃን ሲያይ ነው የሚወጣው። ቀንድ አውጣው የተያዘ ከሆነ ትንሽ ቆይቶ ውሃው ውስጥ ብናኝ የሚመስሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። አንድ ጠብታ ወስዶ ማይክሮስኮፕ ሥር ያየ ሰው አይረሳውም። ሰውነቱ ሞላላ ነው። ጭራው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ጭራውን አስቀድሞ እየተወዛወዘ ወደ ላይ ይወጣል። ያርፋል፣ ቁልቁል ይሰምጣል፣ ደግሞ ይወጣል። ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ግን ዝም ብሎ ውሃ የሚወስደው ነገር አይደለም።

ሰርካሪያ አይበላም። ቀንድ አውጣው ውስጥ ሳለ ያጠራቀመውን ስኳር እያቃጠለ ነው የሚኖረው። ስንቁ ሲያልቅ ያበቃለታል። ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው፤ ቆዳ ሰርስሮ የመግባት አቅሙ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ ይቸኩላል። የሰውነት ሙቀት ይስበዋል። ቆዳችን ላይ ያለውን ቅባት ሲያገኝ ደግሞ ይለጠፋል፣ ከእጢዎቹ ውስጥ ቆዳ የሚያሟሟ ኢንዛይም ይለቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ኢንዛይም የሚሠራበት ጊዜ ነው። ስሙ ኤላስቴስ ይባላል። የእሱ ጂን በደንብ የሚሠራው ዕጩ ገና ቀንድ አውጣው ውስጥ እያደገ ሳለ ነው። ኢንዛይሙ እዚያው ተሠርቶ እጢ ውስጥ ይከማቻል። ሰርካሪያው ሰው ጋ ሲደርስ የሚሠራው አዲስ ነገር የለም፣ ያዘጋጀውን ይለቃል። ሰው አይቶ የማያውቅ ዕጭ ለሰው ቆዳ የሚሆነውን መሣሪያ ይዞ ነው የሚወጣው።

የቀሩት ጂኖችስ? አብዛኞቹ ሰርካሪያው ውስጥ ዝም ብለዋል። ግን እስከ መጨረሻው የተዘጉ አይደሉም። ጂኖች የተጻፉበት ክር፣ ዲ.ኤን.ኤ፣ የሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱ ላይ ጂን እንዲሠራ ወይም እንዳይሠራ የሚያደርጉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ይቀመጣሉ። ሰርካሪያን የመረመሩ ሰዎች ብዙ ጂኖች ላይ የማስነሻውንም የመገደቢያውንም ምልክት አንድ ላይ አግኝተዋል። ማለትም ጂኑ ቆሟል፣ ግን ለመነሳት ተዘጋጅቶ ነው የቆመው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ተራ ነገር ማለት ይከብዳል።

ቀጥሎ ጸሐፊው ጂኑ ተቀይሮ ሌላ ትል ይሆናል ይላሉ። ይህ ንባብ ብዙ ሰው አስደንግጧል። አንድ ጎረቤቴ የእኛንም ጂን ይቀይረዋል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይቀይረውም። የራሱንም አይቀይርም።

ጎተራ ውስጥ ያለ ጤፍና ዝናብ አግኝቶ የበቀለ ጤፍ ጂናቸው አንድ ነው። ጎተራ ውስጥ እያለ ያልነበረ ጂን ከመሬት አልመጣለትም። ውሃ ሲያገኝ ተኝተው የነበሩት ተነሱ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ አረፉ። የብልሃርዚያው ትልም እንደዚያው ነው። እኛ አካባቢ ያለው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው ነው። የጂኖቹ ሙሉ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከ10 ሺህ በላይ ጂኖች አሉት። ከእንቁላል እስከ አዋቂ ዝርዝሩ ያው ነው። የሚለያየው በየትኛው ሰዓት የትኛው ይሠራል የሚለው ነው።

ይህ እንዴት ይታወቃል ለሚል ሰው፣ ጂን ሲሠራ አር.ኤን.ኤ የሚባል ኮፒ ይወጣለታል። ዕጩን ውሃ ውስጥ እያለ ወስዶ የኮፒዎቹን ብዛት መቁጠር ይቻላል። ከገባ ከ3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይቆጠራል፣ ከ24 ሰዓት በኋላም፣ ከቀናት በኋላም። የበዛውና ያነሰው ይነጻጸራል።

የሚታየው ለውጥ ብዙ ነው። ዕጩ ሲገባ ጭራውን ይጥላል። ውሃ ውስጥ ሳለ ይጠብቀው የነበረውን የስኳር ልባስ ያወልቃል። በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ የውጭ ሽፋኑን ይቀይራል፤ አንድ የነበረው ሽፋን ድርብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መልሳችሁ ወንዝ ውስጥ ብትከቱት ይሞታል። ከጥቂት ሰዓት በፊት የሚዋኝበት ውሃ አሁን ይገድለዋል፣ ምክንያቱም ለደም ጨዋማነት ተስተካክሏል።

ጂኖቹ ዘንድም ግርግር ነው። ከወንዝ ውሃ ወደ 37 ዲግሪ መግባት ቀላል አይደለም፤ ፕሮቲን በሙቀት እንዳይበላሽ የሚጠብቁ ጂኖች ይነሳሉ። የእኛ ነጭ የደም ሴሎች የሚረጩበትን መርዛማ ኦክስጅን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች ጂኖችም ይሠራሉ። አዲሱን ሽፋን የሚሠሩትም እንዲሁ። የምግቡ ነገር ደግሞ ይለወጣል። ውሃ ውስጥ ሳለ ኦክስጅን እየተጠቀመ ስንቁን ያቃጥል ነበር። አሁን ስኳር ከእኛ ደም ይወስዳል። ስኳር የሚያስገባለት ኤስ.ጂ.ቲ.ፒ.4 የሚባል ፕሮቲን ከገባ በኋላ በሰዓታት ውስጥ አዲሱ ሽፋን ላይ ብቅ ይላል። አንጀቱ ሲያድግ ደግሞ ደም የሚፈጩ ኢንዛይሞች ጂኖች ተራቸውን ይነሳሉ።

አንድ ትል፣ አንድ የጂን ዝርዝር። ግን ለመድኃኒትና ለምርመራ ሲታይ በየሳምንቱ ሌላ ነው። ጸሐፊው የሳቱት ይህንን ነው።

የተቆረጠው ጭራና የአይጡ ጉዳይ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ብዙ ላብራቶሪዎች ዕጩን በእውነተኛ ቆዳ አያሳልፉትም። በመርፌ ቀዳዳ ደጋግመው ይገፉታል፣ ጭራው ይበጠሳል፣ ከዚያ ሰውነት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ያቆዩታል። ቆዳ ሰርስሮ የገባ ዕጭና በመርፌ ጭራው የተበጠሰ ዕጭ አንድ ናቸው ወይ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ግን ተጠይቋል። ሁለቱን ከ24 ሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። ልዩነት የተገኘው በጣት በሚቆጠሩ ጂኖች ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ከ10 ሺህ በላይ ጂን ካለው ትል ውስጥ ወደ 40 ቢጠጋ ነው። አይጥን በተመለከተ፣ አይጥ ሰው አይደለም። ዕጩ ቆዳ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜና ከገቡት ውስጥ ለአቅመ ትል የሚደርሱት ብዛት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ቀን በቀን የተቆጠረ ነገር ስታነቡ ገደማ የምትለዋን ቃል አስገቡበት። ጥናቱን ሙሉ በሙሉ ለመጣል ግን ይህ አይበቃም።

ወደ ቅንጦት ልምጣ። ይህን ቃል ከጎንደር ሰው ስሰማ ይከብደኛል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ ከጎንደር አጠገብ ያለችውን ደንቢያን ወባ ጨርሷት ነበር፤ ኮሌጁ እንዲከፈት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ እልቂት ነው። የበሽታውን አመጣጥ ማወቅ እዚህ ከተማ ውስጥ ከችግር ነው የተጀመረው።

ብልሃርዚያም ላይ ታሪክ አለን። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ላይ ከታች በኩል ሞተው የተንሳፈፉ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ብዙ ሰው ወንዙን አይቶ አልፏል። እሳቸው ግን ቀንድ አውጣው ለትሉ ምኑ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል፣ ይህም የትሉን መንገድ እንደሚዘጋ ገባቸው። የትሉን ኑሮ ደረጃ በደረጃ ማወቅ ጥቅሙ ይህ ነው። የጂኑ ጥናትም ያንኑ ሥራ ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ላለው ደረጃ ይሠራል።

ጥናቱ ሁሌ ይሳካል አልልም። እንደ ብልሃርዚያ በቆዳ የሚገባውን መንጠቆ ትልን እንይ። በባዶ እግር እርሻ የሚውል የደንቢያ ገበሬ ያውቀዋል። ዕጩ እርጥብ አፈር ውስጥ ምንም ሳይበላ ለሳምንታት ይጠብቃል፣ እድገቱንም ያቆማል። እግር ሲያገኝ ይነቃል፣ መብላት ይጀምራል፣ ፕሮቲኖችም ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ ኤ.ኤስ.ፒ-2 ይባላል። ሰዎች ይህንን ይዘው ክትባት ሠሩ። ሐሳቡ ዕጩን ገና ሲገባ ለመያዝ ነበር። ብራዚል ውስጥ መንጠቆ ትል ቀድሞ ያገኛቸው ሰዎች ሲከተቡ ግን የአንዳንዶቹ መላ ሰውነት በአለርጂ አበጠ፣ አሳከካቸው። ሰውነታቸው ያንን ፕሮቲን ከቀድሞ ዕጮች ያውቀው ኖሯል። ሙከራው ቆመ። ጸሐፊው ይህንን ቢያነሱ ኖሮ ከቁርጥራጭ ጭራ የተሻለ መከራከሪያ ይሆንላቸው ነበር። እኔ ግን ከእሱ የምወስደው ሌላ ነው። እንደ እኛ ላለ፣ ዕጩ በየዓመቱ ለሚያገኘው ሕዝብ የሚሆን ክትባት ትሉን አይተው በማያውቁ ሰዎች ልክ ሊሠራ አይችልም። በብልሃርዚያ በኩልም ትሉ ከገባ በኋላ ሽፋኑ ላይ ከሚያወጣቸው ቴትራስፓኒን ከሚባሉ ፕሮቲኖች አንዱ ሰው ላይ ተሞክሯል። እስካሁን ለሕዝብ የተፈቀደ የብልሃርዚያ ክትባት የለም።

አሁን ወደ ክኒኑ።

ክኒኑ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ 40 ሚሊግራም ተሰልቶ በአንድ ጊዜ ይዋጣል። ትምህርት ቤት ለልጆች የሚታደለው እሱ ነው። አዋቂውን ትል ሲያገኘው ካልሲየም የሚያስገባ በር ይከፍትበታል፤ ይህ በር ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የትሉ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሽፋኑ ይጎዳል፣ የቀረውን የእኛው መከላከያ ይጨርሰዋል።

ወጣቱ ትል ግን አዋቂ አይደለም። ከቆዳ በጥቂት ቀናት ይወጣል፣ በሳንባ በኩል ያልፋል፣ ጉበት ደርሶ ያድጋል። ወንዱና ሴቷ ተጣምረው አንጀት አካባቢ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ለመኖር ከ4 እስከ 5 ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። በዚህ መሃል፣ በተለይ ከአንድ ሳምንት እስከ አራት ሳምንት ባለው እድሜ፣ ፕራዚኳንቴል ብዙም አይጎዳቸውም። ይኮማተራሉ፣ ግን ያገግማሉ። የጂን እንቅስቃሴያቸው ሲታይ ደግሞ መድኃኒቱ ሲነካቸው ወጣቶቹ ከአዋቂዎቹ የበለጡ ጂኖችን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሐፊው ቅንጦት ያሉት ጥናት የሚመረምረው እንግዲህ ወጣቶቹ ለምን እንደሚተርፉ ነው።

መድኃኒቱ ራሱም ሰውነት ውስጥ አይቆይም። በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ትሉ እስኪያድግ ቆሞ አይጠብቀውም።

እስቲ በማግስቱ የዋጠውን ልጅ እንከተለው። ቤተሰቡ ዳነ ብሎ ተረጋጋ። በሦስተኛው ሳምንት ሆዱን አመመው፣ የሰገራ ምርመራ ተሠራለት፣ ምንም አልተገኘም። አይገኝም፣ ምክንያቱም ምርመራው የሚፈልገው እንቁላል ነው፤ ጎኗ ላይ ሹል እሾህ ያላትን እንቁላል። ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ካደገና ከተጣመረ በኋላ ነው። በሦስተኛው ወር ሲመረመር ግን ስላይዱ ላይ እንቁላሏ ትታያለች። ያኔ ሰፈሩ መድኃኒቱ አይሠራም፣ ትሉ ተላምዶታል ይላል። ሌላው ቤተሰብም ለትምህርት ቤቱ ዘመቻ ልጁን አልልክም ይላል። የአንዲት ምክር ጉዳት እስከዚህ ይሄዳል። የትምህርት ቤቱ ክኒን የሚጠቅመው አዋቂዎቹን ትሎች ስለሚገድልና በየጊዜው ስለሚደገም ነው። ልጆች ይዋጡት።

ወጣት ትሎች ላይ የሚበረታ መድኃኒት ስለመኖሩ የሚጠይቅ ይኖራል። ለወባ ከምንጠቀምባቸው አንዱ የሆነው አርቴሜተር ወጣት ትሎችን እንደሚገድል ታውቋል። ይህ ማለት ግን አርቴሜተር ያለበትን ኮአርተም ገዝታችሁ ዋጡ ማለት አይደለም። ወባ ባለበት አገር የወባን መድኃኒት ያለ ወባ መዋጥ የወባውን ተሕዋስ ማለማመድ ነው። ውሳኔው የሐኪም ነው። ኮሶም በጽሑፉ ውስጥ ተነስቷል። ኮሶ የሚታወቀው አንጀት ውስጥ ለሚኖረው ለኮሶ ትል ነው። ብልሃርዚያ የሚኖረው ደም ሥር ውስጥ ነው፣ ኮሶ መጠጣት ከእሱ አያድንም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ሌላውን ልንከራከርበት እንችላለን፣ የክኒኑን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ይቀይሩልን። በምትኩ እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፦ ብልሃርዚያ ያለበት ወንዝ የገባና የሚሠጋ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፣ ትል ከተገኘበት ያኔ ይታከም። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል ወይም ሽፍታ ከጀመረው፣ የሰገራ ምርመራው ባዶ ቢሆንም፣ ወንዝ መግባቱንና መቼ እንደገባ ለሐኪሙ ይንገር፤ ወባና ታይፎይድ ብቻ ተመርምሮ አይመለስ። ክኒን ውጦ ወደዚያው ወንዝ የተመለሰ ሰው ደግሞ እንደገና ሊያዝ እንደሚችል ይወቅ።